ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብተር

በመሥሪያ ቤቴ ስሜ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ አንድ ቃል አለ፤ «እሷ እኮ ማሽን ናት» ይላሉ። ምስጋና መሆኑ ነው። በሒሳብ ምርመራ ሙያ በቆየሁባቸው 16 ዓመታት አንድም ሪፖርት ከቀጠሮው ቀን አሳልፌ አላውቅም፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከጥበቃው ቀጥሎ ቢሮ የምገባው እኔ ነኝ፤ የቦርድ አባላት ፊት ቆሜ ስናገር ድምፄ አይሰበርም። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ግን ከባለቤቴ ጎን ቀስ ብዬ ተነሥቼ፣ መብራት ሳላበራ ወጥ ቤት እገባና ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ቀን ሦስት ጊዜ ደምሬ ያመሳከርኩትን ሠንጠረዥ ለአራተኛ ጊዜ እደምር ነበር። ድምሩ ሁልጊዜ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ማየቴ የሚያሳርፈኝ ግን ቢበዛ እስኪነጋ ነው፤ ሲነጋ ሌላ ሠንጠረዥ አለ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ በሥራው የሚመሰገን፣ ሰው ፊት ወድቆ የማያውቅ፣ በዚህም ምክንያት «አሞኛል» የማለት መብት የሌለው ለሚመስለው ሰው ነው። እኔን ለዓመታት ከሕክምና ያራቀኝ ዕፍረት ብቻ አልነበረም፤ ጭንቀቴን እንደ ችሎታዬ እቆጥረው ስለነበር ነው። ስለሚጨንቀኝ እጠነቀቃለሁ፣ ስለምጠነቀቅ አልሳሳትም፣ ስለማልሳሳት እከበራለሁ፤ እንግዲህ ጭንቀቱን የሚወስድብኝ ሰው እንጀራዬን ሊወስድብኝ ነው የሚል እምነት ነበረኝ። ይህ እምነት ስህተት መሆኑን ለመረዳት አንድ ዓመት ያህል፣ ጥቂት የማይባል ገንዘብና አንድ የሃምሳ ሉክ ደብተር ጠይቆኛል።

ጭንቀቱ በራሱ ስም አልመጣም፤ በጨጓራ በኩል ነው የመጣው። እኛ አገር ከደረት በታች ከእምብርት በላይ የሚሰማ ነገር ሁሉ ጨጓራ ይባላል። እኔም ሽሮና በርበሬ ትቼ፣ አጥሚት እየጠጣሁ፣ ኦሜፕራዞል በቦርሳዬ ይዤ ሁለት ዓመት ኖርኩ። በኢንዶስኮፒ ታየሁ፤ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ የ14 ቀን መድኃኒት ጨረስኩ፤ በድጋሚ ምርመራም ባክቴሪያው መጥፋቱ ተረጋገጠ። የሆዴ ቃጠሎ ግን አልጠፋም። ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ቃጠሎው የሚብሰው ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ስበላ ሳይሆን የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሰኔ 30 ሲቃረብ ነበር። ከዚያ ልቤ መምታት ጀመረ፤ የልብ ምርመራው ጤነኛ ነው ተባለ። የእንቅርት ዕጢ ምርመራ፣ የደም ማነስ ምርመራ፣ ሁሉም ደህና ሆኑ። እነዚህ ምርመራዎች ከንቱ ነበሩ አልልም፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ደም ሲያንስም ልብ ይመታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ እነሱን ማጣራት ተገቢ ነው። የእኔ ጥፋት ውጤቱ ሁሉ «ደህና ነሽ» ሲል ሌላ ክሊኒክ መፈለጌ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አንድ የቦርድ ስብሰባ ላይ ሪፖርት ሳቀርብ ከገጽ 12 ወደ ገጽ 13 ስሻገር ግራ እጄ ደነዘዘ፤ አየሩ አለቀብኝ። «ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ» ብዬ ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ፊቴን አራት ጊዜ ታጠብኩ፤ ተመልሼም ገጽ 13ን ጨረስኩ። ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲዘጉ በተለይ ለእኔ ምስጋና አቀረቡ። እንደሞትኩ የመሰለኝን ያን ደቂቃ ያየ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ያገኘሁት ሦስተኛው ሐኪም ወጣት የውስጥ ደዌ ባለሙያ ነበር። የምርመራ ወረቀቶቼን ክምር አገላብጦ ሲያበቃ፣ «እህቴ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» አለኝ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። «ሥራ ይበዛብኛል» አልኩና ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፤ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ ውጭ ተቀምጬ እንድሞላው ሰጠኝ።

ጂኤዲ-7 የሚባል መጠይቅ ነው፤ ሮበርት ስፒትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት፣ ሰባት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ፍርሃትና መረበሽ እንደተሰማን፣ ሐሳባችንን መግታት እንዳቃተን፣ አርፎ መቀመጥ እንደተሳነን፣ አንድ ክፉ ነገር ይመጣል ብለን እንደሰጋን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ጠቅላላው 21 ነው። 5 ሲሞላ ቀላል፣ 10 ሲሞላ መካከለኛ፣ 15 ሲሞላ ከባድ ጭንቀት ይባላል። እኔ ሞልቼ ስደምረው 8 መጣ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ሳየው ምን እንዳደረግሁ ገባኝ፤ 3 መሆን ያለበትን 1፣ 2 መሆን ያለበትን 1 እያልኩ ውጤቱ ከ10 እንዳይደርስ አስተካክዬው ነበር። አንድ ደንበኛ መዝገቡን እንዲህ ቢያስተካክልብኝ ኖሮ በሪፖርቴ ላይ ምን እንደምጽፍበት አውቃለሁ። በእርሳስ ስለነበር ፍቄ እንደገና ሞላሁት፤ 17 ሆነ።

መጠይቁ ለመጠቆም እንጂ ለብቻው በሽታ ለመወሰን አይበቃም፤ ውሳኔው የመጣው በኋላ ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብለን ስንነጋገር ነው። ብዙ ሰው አሁን «ስውር ጭንቀት» የሚለው፣ ሥራው ሳይበደል ሰውን ውስጥ ውስጡን የሚያምሰው ነገር በሥነ አእምሮ ሕክምና መመሪያ ውስጥ በዚህ ስም የለም። ያለው አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ነው፦ ቢያንስ ለስድስት ወር፣ ከማይኖርባቸው ቀናት የሚኖርባቸው የሚበዙ፣ ለመግታት የሚያስቸግር ስጋት፤ አብሮትም ከስድስት ምልክቶች ቢያንስ ሦስቱ። እነሱም መቁነጥነጥ፣ ቶሎ መድከም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ መነጫነጭ፣ የጡንቻ መወጠርና የእንቅልፍ መዛባት ናቸው። እኔ አምስቱ ነበሩኝ። የጎደለኝ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል ብቻ ነበር፤ መሥሪያ ቤት የሚያየው ደግሞ ያንኑ ብቻ ነው። የቀሩትን አምስቱን የሚያውቃቸው ቤተሰቤ ነበር፤ እነሱም «አመሏ ነው» ይሉ ነበር።

ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መሄድ እንዳለብኝ ከተነገረኝ በኋላ ሦስት ወር አሳለፍኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሆስፒታል ስም በሰፈር እንዴት እንደ ስድብ እንደሚወረወር ያውቃል፤ ሆስፒታሉ ስንቱን አክሞ ወደ ቤቱ እንደመለሰ ግን ማንም አያወራም። እኔ የምሄደው ፎቅ ላይ ወዳለ ትንሽ የግል ቢሮ ቢሆንም፣ መኪናዬን ሁለት መንገድ አሻግሬ ባንክ ደጃፍ ላይ አቆም ነበር። የሚያውቀኝ ሰው ደረጃው ላይ ቢያገኘኝ የምለውንም አዘጋጅቼ ነበር፤ «ሒሳባቸውን ልመረምር ነው»።

የመጀመሪያው ባለሙያ አልሆነልኝም። ሰውየው ደግ ነበሩ፤ ነገር ግን ሁለቱንም ቀጠሮ ስለ ሕይወት ሲመክሩኝ፣ «አንቺ እኮ ሁሉ ነገር የተሟላልሽ ነሽ» ሲሉኝ አለቀ። ምክር ከአክስቶቼም አገኛለሁ። ይህን የማነሣው፣ አንድ ጊዜ ሞክሮ ያልቀናው ሰው ሕክምናው በሙሉ አይረባም ብሎ እንዳይተወው ነው። ሁለተኛዋን ስመርጥ ግን እንደ ሥራዬ ጠያቂ ሆኜ ሄድኩ፦ የተማሩት ምንድን ነው፣ በየትኛው የሕክምና ዘዴ ነው የሚሠሩት፣ ስንት ጊዜ እንገናኛለን፣ መሻሌንስ በምን እናውቃለን። አልተቆጡም። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ «አንቺ ብልሽ ቅር ይልሻል?» ብለው ጠይቀው ነው አንቺ ያሉኝ። የሚሠሩት ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ወይም በአጭሩ ሲቢቲ በሚባለው፣ ሐሳብንና ልማድን በመለወጥ በሚያክመው፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱን በጣለው ዘዴ መሆኑን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ50 ደቂቃ ከ12 እስከ 16 ጊዜ እንደምንገናኝ፣ በየአራት ሳምንቱ ያንኑ የሰባት ጥያቄ ወረቀት እንደምሞላ ነገሩኝ።

እኔም በዚያው ቀን የሆዴን ዘረገፍኩ፦ «ጭንቀቱን ካጠፉልኝ ሥራዬን እንዳላጠፋ እፈራለሁ።» ብዙ በሥራቸው የሚደነቁ ሰዎች ይህንኑ እንደሚሉ ነገሩኝ። ፖውሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 የጻፉት ጥናት እንዲህ ስላሉ የተሳካላቸው ሴቶች እንደነበርም አጫወቱኝ፤ ማዕረግና ሽልማት እያላቸው ሰው አሞኝተው ያገኙት የሚመስላቸው፣ አንድ ቀን እንገለጣለን ብለው የሚሰጉ። ከዚያ «ይጠፋል አላልኩሽም፤ የቱ ጥንቃቄ የሥራሽ እንደሆነ፣ የቱ የፍርሃትሽ እንደሆነ እንለያለን» አሉ። በሙያዬ ልመዝነው የምችለው ሐሳብ ስለነበር ተቀበልኩት።

በአራተኛው ቀጠሮ ስለ አባቴ ተነሣ። አባቴ ከአዲስ አበባ ውጭ በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ 1,840 ብር ጎደለብህ ተባለ፤ ከስድስት ወር ደመወዙ የሚበልጥ ገንዘብ ነው። ከሥራ ታገደ። እናቴ የጎረቤት ቡና መጥራት አቆመች፤ እኛም «ሰው ምን ይላል» እየተባልን ከቤት አንወጣም ነበር። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘ፤ መጠኑም በትክክል 1,840 ብር ነበር። ወደ ሥራው መለሱት፤ ይቅርታ ያለው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አባቴ የዳቦ መልስ እንኳ ሦስት ጊዜ ይቆጥራል። ለምን ሒሳብ መርማሪ እንደሆንኩ ሰው ሲጠይቀኝ ይህን ታሪክ እናገራለሁ፤ በኩራት ነው የምናገረው።

ባለሙያዋ ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «አባትሽ ያን ቀን ገንዘቡን ሦስት ጊዜ ቢቆጥሩት ኖሮ ያ ሁሉ ይቀር ነበር?» አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስህተቱ የመዝጋቢው ነው፤ አባቴ ገንዘቡን በትክክል ቆጥሮ ነበር። መቶ ጊዜም ቢቆጥረው ያው ነው። እኔ በሙያዬ ይህን በአንድ ደቂቃ የምለየው ሰው፣ በራሳችን ቤት ታሪክ ላይ ለሠላሳ ዓመት አልለየሁትም።

ከዚያ የደብተሩ ሥራ መጣ። ጭንቀት በተሰማኝ ቁጥር ሁኔታውን፣ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን፣ ስሜቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ሐሳቡን የሚደግፈውንና የሚቃረነውን ማስረጃ በየዓምዱ እንድጽፍ ታዘዝኩ። በሳምንቱ በኤክሴል ሠርቼ፣ ዓምዶቹን ቀለም ቀብቼ፣ ከታች አማካዩን አስልቼ፣ አትሜ አመጣሁላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። «ይሄ ለእኔ የተዘጋጀ ሪፖርት ነው፤ እኔ የፈለግሁት ያንቺን ደብተር ነው። በእጅሽ ጻፊው፤ ስርዝ ድልዝ ይኑርበት» አሉኝ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም እየተባለ ባደግሁበት ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌላ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር ወደ ደብተሩ የምገለብጠው። ይህንንም ደረሱበት።

ከሁሉ የረዳኝ ግን መጻፉ ሳይሆን ሙከራው ነው። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ደንበኛ የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤዎች የሚጠይቅ ኢሜይል መላክ ነበረብኝ። ልማዴ እንዲህ ያለውን ሰባት ጊዜ አንብቤ፣ መጀመሪያ ለራሴ ልኬ በስልኬ ካየሁት በኋላ መላክ ነው። የዚያ ቀን ሕግ ግን አንድ ጊዜ አንብቦ መላክ፣ ከተላከም በኋላ እስከ ነገ አለመክፈት ነበር። ደብተሬ ላይ «ስህተት ይኖረዋል፤ ደንበኛው ይንቀኛል፤ 80 ከመቶ እርግጠኛ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩት። ጣቴ ማውሱ ላይ ሆኖ መዳፌ ሲያልበው ይሰማኛል። ሻይ የምታቀርብልን ልጅ ገብታ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ነው የላክሁት፤ እሷ ባትገባ እልከው እንደነበር እንጃ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጭንቀቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ በ20 ደቂቃ ያህል ምንም ሳላደርግለት በራሱ ወረደ። ይህን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ከመውረዱ በፊት ሠንጠረዥ እከፍት ስለነበር ያወረደልኝ መክፈቴ ይመስለኝ ነበር። መልሱ ከሰዓት በኋላውኑ መጣ፦ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።» በማግሥቱ ስከፍተው አንድ ቃል ላይ ፊደል ጎድሎ አገኘሁ። ማንም አላየውም።

ቀጣዩ ደረጃ የባሰ ነበር፤ ሆን ብዬ በአንድ የውስጥ ማስታወሻ ላይ የፊደል ስህተት ትቼ እንድልክ ተጠየቅሁ። ሦስት ሳምንት እምቢ ብያለሁ። በመጨረሻ ላክሁት፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ጉንጬ ይግላል። ሆኖም የሪፖርቱን ቁጥሮች በዘፈቀደ እንድተው ማንም አልጠየቀኝም። ሥራው የሚፈልገው እኔ አንድ ጊዜ በሚገባ ማመሳከሬን፣ ከዚያ ሌላ ሰው መከለሱን ነው፤ ይህ አልተነካም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የማደርገው አራተኛው ድመራ አንድም ስህተት አግኝቶ እንደማያውቅ የቆጠርኩት ራሴ ነኝ።

በስድስት ሳምንት ውስጥ 61 ክፉ ትንበያዎች ደብተሬ ላይ ሰፍረዋል። የደረሱት 4 ናቸው፤ ሦስቱ በዚያው ቀን ተስተካከሉ። አራተኛው ግን እውነተኛ ነበር፤ አንድ ደንበኛ በጻፍኩት አስተያየት ተቆጥቶ ለአለቃዬ አቤት አለ፤ ተጠርቼም ደስ የማይል ግማሽ ሰዓት አሳለፍኩ። ማታ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት «የፈራሁት ደረሰ። ከዚያ ምሳ በላሁ» የሚል ነው። ከ61ዱ መስመሮች ይህን መስመር ደጋግሜ አነበዋለሁ።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ጠቅመውኛል። አንደኛው የስጋት ሰዓት የሚሉት ነው፤ ቀን የሚመጣውን ስጋት በአጭሩ ጽፎ ለተወሰነ ሰዓት ማሳደር። የእኔ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ለ30 ደቂቃ፣ ግቢያችን ውስጥ በቆመ መኪና ውስጥ ነበር፤ አልጋ ላይ ክልክል ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ከዝርዝሩ ግማሹ ለመጨነቅ እንኳ የማይበቃ ሆኖ አገኘው ነበር። ሁለተኛው ቡና ነው። በቀን ስንት እንደምጠጣ ስጠየቅ «እንደማንኛውም ሰው» አልኩ፤ ሲቆጠር ሁለት ማኪያቶ፣ ከሰዓት አንድ ጥቁር ቡና፣ ቤት ስገባ ደግሞ ከአቦል እስከ በረካ ነበር። ቡና ልብን እንደሚያስመታና እንቅልፍን እንደሚገፋ የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን የልቤን መምታት ለመመርመር ስንት ክሊኒክ ስዞር ይህን የነገርኩት ሐኪም አልነበረም። ቀስ በቀስ ወደ ጠዋቱ አንድ ስኒ አወረድኩት፤ ሦስት ቀን ራሴን አመመኝ። የእናቴ ቤት ቡና ላይ ግን ፈንዲሻ ብቻ እየቆረጠሙ መቀመጥ እስካሁን የማይለመድ ነገር ነው።

ከስምንት ቀጠሮ በኋላ ውጤቴ ከ17 ወደ 12 ወረደ፤ እንቅልፌ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ባለሙያዋ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም መሩኝ፤ ሰርትራሊን የተባለ የጭንቀት መድኃኒት ታዘዘልኝ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ማቅለሽለሹም መቁነጥነጡም ጨመረ፤ ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ ባይነገረኝ ኖሮ እጥለው ነበር። ለውጡ የተሰማኝ በአራተኛው ሳምንት ነው። በሰባተኛው ሳምንት ግን «ድኛለሁ» ብዬ በራሴ ሥልጣን አቆምኩት፤ ራሴ ዞረ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካኝ ያህል ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ይህ መድኃኒት ሲተው በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እየተቀነሰ መሆኑን በዚያ ተማርኩ፤ እንደገና ጀምሬ ከ11 ወር በኋላ በሥርዓቱ ጨረስኩት። አንዲት ወዳጄ ደግሞ ከቦርሳዋ ዳያዜፓም ከተባለው ማረጋጊያ ግማሽ ፍሬ ሰጥታኝ ነበር፤ በእውነቱ ቶሎ ያረጋጋል። ቶሎ ማረጋጋቱ ነው ችግሩ፤ ሱስ ያስይዛልና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚነካ አይደለም። እንቅልፍ ለማምጣት መጠጥ ለሚጠጣም ያው ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለሚመጣበት ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል አይሠራም፤ በዚያው ቀን ለሚያምነው ሰው ነግሮ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ዓይነ ጥላ ነው» አለችና ጠበል ይዛኝ ሄደች። ሄድኩ፤ ሰባት ቀን ንጋት ላይ ተጠመቅሁ፤ ደስም ብሎኛል። የፈራሁት መድኃኒቱን ተይ እንዳልባል ነበር። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው፣ «እኔ ራሴ ለደም ግፊቴ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ እውጣለሁ፤ አንቺም ዋጪ» አሉኝ። ጉዳዩ በዚህ አለቀ።

ለባለቤቴ መናገር ከዚህ ሁሉ ይከብድ ነበር። ሲሰማ «አንቺ ከተጨነቅሽ እኛን ምን ይዋጠን!» አለ፤ ቀልዱ ውስጥ ድንጋጤ ነበረበት። በኋላ ሌሊት መነሣቴን ዓመታት ሙሉ ያውቅ እንደነበር፣ ሥራዬን እንዳላስተጓጉል ብሎ የተኛ ያስመስል እንደነበር ነገረኝ። ሌሊት ስነሣ «አትጨነቂ» ከማለት ይልቅ አብሮኝ እንዲቀመጥና ላፕቶፑን እንዳልከፍት ብቻ እንዲያስታውሰኝ ተስማማን። በመሥሪያ ቤት የነገርኩት ለምክትሌ ብቻ ነው፤ ለሁሉም መንገር ግዴታ አይመስለኝም። ምክትሌ ሰምታ ዝም አለችና፣ «እኔም እኮ የእርስዎን ኢሜይል ከመመለሴ በፊት አሥር ጊዜ አነባለሁ» አለችኝ። ስህተት አለመታገሤ ለእኔ ብቻ የተረፈ መስሎኝ ነበር።

ስለ ገንዘብ፦ መሥሪያ ቤቴ የገባልን የሕክምና መድን የንግግር ሕክምናን አይሸፍንም ነበር፤ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። አቅም ለማይፈቅድለት ሰው እንደ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱና ጥቁር አንበሳ ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አለ፤ ወረፋው ረጅም ነውና ጠዋት ማልዶ መሄድ ይበጃል። ቨርጂኒያ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደግሞ መድኗ የሸፈነላት በእንግሊዝኛ የሚያክም ባለሙያ ነበር። «ሆዴ ባባ» የሚለውን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ቀጠሮ እንደፈጀባት ስትነግረኝ ስቀን ሞትን። በኋላ በቪዲዮ በአማርኛ የሚያነጋግራት አግኝታለች፤ ሰላምታውን በራስ ቋንቋ መጀመሩ ብቻ ግማሽ ሕክምና ነው ትላለች፤ እሷ ማጋነን ትወዳለች።

በአጠቃላይ 14 ጊዜ ተገናኝተናል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በየወሩ ነበሩ። አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ፤ መኪናዬን እዚያው በር ላይ አቆማለሁ። ጭንቀቱ ሰኔ ሲገባ ይመለሳል። ባለፈው ሰኔ ሁለት ሌሊት ተነሥቼ ወጥ ቤት ድረስ ሄጃለሁ፤ አንዱን ሌሊት ላፕቶፑንም ከፍቼዋለሁ። ሰኔ 30 ማታ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ወረቀቱን ሞላሁት። ዘና ማለት አቅቶን እንደሆነ የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ መጀመሪያ 1 ጻፍኩ፤ ያን ሌሊት አሰብኩና ሰርዤ 2 አደረግሁት፤ ድምሩ 7 መጣ። አንድ ጊዜ ደመርኩና ስርዙ እንዳለ ደብተሩ ውስጥ ከተትኩት።